መቀስ ያልነካው ወይን

ጎጃም የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። አንድ ወይን ልቆርጥ ነው የሄድኩት።

ወይን ገራዥ ነኝ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ ባለ እርሻ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ መቀስ ይዤ ከረድፍ ረድፍ ስል ኖሬያለሁ። እርሻው ላይ ብዙ ዓይነት ወይን አለ፤ እኔ የምወደው ግን ግሬናሽ የሚባለውን ቀይ ነው። ባለሙያዎቻችን እንደሚሉት የትውልድ አገሩ እስፔን ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ ሰርዲኒያ ደሴት፣ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ተሰዷል። የሄደበት አገር ሁሉ ፀሐይ የሚጠብሰው፣ ነፋስ የሚያንገላታው፣ ድንጋይ የበዛበት ነው። ችግር ይወዳል፤ ውኃ ሲጠግብ ይባልጋል፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል። እንደ ሌላው ወይን አይልፈሰፈስም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቆዳው ስስ፣ ቀለሙ ፈዛዛ ነው፤ ቶሎ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ጣፋጭነቱ ጥርስ ያሳክካል። ባለቤቴ «አንቺን ይመስላል» ይለኛል። የትኛው ጠባዩ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ነገሩን ያመጣው አብሮኝ የሚሠራው አያልነህ ነው። አያልነህ የምዕራብ ጎጃም ሰው ነው፤ በልጅነቱ ቄስ ልየው ከሚባሉ መምህር ዘንድ ዳዊት ደግሟል። ከሰባት ዓመት በፊት ከግረዛ የተረፈ የግሬናሽ ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ወስዶላቸው ነበር። ቄሱ በሚያገለግሉበት በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተከሉት፤ ጸደቀ፣ አደገ፣ አላፈራም። አሁን ሰበካ ጉባኤው ቦታውን ለአዳራሽ ፈልጎታል፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ምልክት ካላሳየ ይነቀላል ተብሏል። ቄስ ልየው ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ከአገልግሎት ከማረፋቸው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከገበያ ባልተገዛ፣ ከገዛ ግቢያቸው በተለቀመ ዘቢብ መቀደስ ይመኛሉ። አያልነህ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ነበርና «እትዬ፣ አንቺ ሂጂልኝ» አለኝ። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመት አልፎት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲነሣ አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉ የጅጋ ነጋዴ ነበሩ። ፍቼን ሳናልፍ የልጆቼን ስም፣ የባሌን ሥራና የጉልበቴን ሕመም አውቀው ጨርሰዋል። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ከፍቶ «ተቃጠልን» ሲል እኔ ግን የቤቴን አየር አግኝቼ ደስ አለኝ። ዳገቱንና ድንጋዩን እያየሁ «እዚህ ነበር ወይን መትከል!» አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«ማን ሊጠጣው? ዝንጀሮ?» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

ከደጀን በኋላ አገሩ ተለወጠ። የኑግ አበባ ሜዳውን ቢጫ አድርጎታል፤ ጤፉ ይወዛወዛል፤ ከየቦዩ ገና ውኃ ይፈሳል። እኛ ዘንድ በዚህ ወር አቧራው ጀምሮ፣ ውኃ የሚገኘው በቧንቧ ጠብታ ነው። ለዓይን እንዲህ ያለ ሸጋ አገር አይቼ አላውቅም፤ ለግሬናሽ ግን ልቤ ፈራ። እንዲህ ውኃ የጠጣ መሬት ላይ የተተከለ ወይን ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ።

ደምበጫ ምሳ በላን። ጅጋ ላይ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጉንጬን ስመው ወረዱ። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ረዳቱ ከጣራ ላይ ያወረደልኝ የእኔ ሻንጣ ሳይሆን የወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ሻንጣዬ፣ መቀሴ፣ መጋዜ፣ ልብሴ ሁሉ ጅጋ ቀርቷል። ረዳቱን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጆንያውን በጋሪ አስጭኜ አንድ አልጋ ቤት ገባሁ፤ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ጉዳዩን ሰምተው የራሳቸውን ቀሚስ አመጡልኝ። ሁለት እኔን ይችል ነበር። በገመድ ታጥቄ ስወጣ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ራት ጋበዙኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ደጅ ላይ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሻንጣዬን በባጃጅ ይዘው መጥተዋል። መናኸሪያ አጠያይቀው፣ «ሽንኩርት ይዛ የገባች የቆላ ሴት» ብለው ነው ያገኙኝ።

«ዝንጀሮዎቹ እንዳይጠሙ ብዬ ነው» አሉ። የባጃጁን ሂሳብ ልክፈል ብል ተቆጡኝ። አገሬ ላይ ሰው እንዲህ ቢያደርግልኝ ለሳምንት አወራው ነበር፤ እሳቸው ግን ሽንኩርታቸውን ጭነው፣ ዘወር ብለውም ሳያዩ ሄዱ።

በሚኒባስ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ሄጄ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። ክረምቱ ወጣ ቢባልም ጭቃው አልሰማም፤ አንድ ጫማዬ ገብቶ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ስጎትት አንድ በቅሎ የሚስቡ፣ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሰው ደረሱና ጫማዬን መዘው አወጡት፤ በሣር ጠርገው ሰጡኝ።

«የአያልነህ እንግዳ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንኳን ደህና መጣሽ እቴ። ጥሩነህ እባላለሁ፤ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ነኝ። ወይኑን የምነቅለው እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ሻንጣዬን በቅሏቸው ላይ ጫኑልኝ። ሊቀበሉኝ ነበር የመጡት። መንገዱን ሁሉ ስለ አዳራሹ አወሩልኝ፤ በየዓመቱ በንግሥ ቀን ሽማግሌዎችና አራሶች ዝናብና ፀሐይ ላይ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው።

የቄስ ልየው ባለቤት እማማ ይርገዱ እግሬን በሞቀ ውኃ አጠቡኝ። እምቢ ብል «አፈር ስሆንልሽ፣ ዝም በይ» አሉኝ። የጽጌ ጾም ነበርና የዳጉሳ እንጀራ በሽሮና በድቁስ ቀረበ። የዳጉሳ እንጀራ በልቼ አላውቅም ነበር፤ ከእኛ እንጀራ ይከብዳል፣ ይጠቁራል፤ ሦስተኛውን ስቆርስ ግን ማንም ለምኖኝ አልነበረም። ድቁሱ አስለቀሰኝ። ቄስ ልየው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው፣ ስለ እኛ አገር ሙቀት ጠየቁኝ። ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወዲያው ወደድኳቸው።

ረቡዕ

ወይኑን ሳየው አፌን ያዝኩ። አንድ ትልቅ ወይራ ላይ ወጥቶ፣ ጫፉን አልፎ፣ በአጥሩ ላይ ወርዶ፣ የግቢውን አንድ ማዕዘን ሸፍኖታል። ግንዱ የክንዴን ያህላል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ኩሩው ግሬናሽ መሆኑን ያወቅሁት በቅጠሉ ብቻ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ መቀስ አልነካውም።

«አባቴ፣ ሳይገረዝ እንዴት ያፈራል?» አልኳቸው። «በረዶ ያለበት አገር ቢሆን ብርዱ ያስተኛዋል። በእኛ አገር የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም መቀስ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከቆረጥነው ፍሬው በበጋ ይበስላል፤ ዝናብ አግኝቶ አያበሰብሰውም። ጊዜው አሁን ነው።»

ቄስ ልየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ እዘዥኝ። ብረት ግን አላስነካውም።»

«ለምን?»

«ይኼ ለቅዱስ ቁርባን የታሰበ ነው። ወይንን የሚቆርጠው ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው እንጂ ሰው አይደለም ብዬ ስንት ዘመን አስተማርሁ። ዛሬ እኔው መቀስ ላንሣበት? ሰባት ዓመት ቅጠሉን ከብት እንዳይቀነጥበው በበትሬ ጠብቄዋለሁ።»

ጠዋቱን ሙሉ ተከራከርን። እሳቸው ረጋ ብለው፣ እኔ እየጋልኩ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አልቆ «እንደ ታቦት ሲጠብቁት ማፍራቱን ረሳዋ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው አፈርኩ። ከበስተኋላዬ እማማ ይርገዱ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሲስቁ ሰማሁ።

ከንዴቴ እስክበርድ ብዬ ወይኑን መዞር ጀመርኩ። በአጥሩ በኩል አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ወድቆ የወይኑን ክንድ ሰብሮታል። ከስብራቱ ሥር አጭር ቅርንጫፍ በቅሏል፤ ቅርንጫፉ ላይ የደረቀች፣ ባዶ የዘለላ አጽም ተንጠልጥላለች። ፍሬዋን ወፍ ጨርሶታል። በጥንቃቄ ቀንጥቤ የቄሱ መዳፍ ላይ አስቀመጥኳት።

በጣታቸው ዳሰሷት። «ምንድን ነው?»

«ዘለላ ነበረች። እርስዎ ሳያዩ፣ ቅጠል ውስጥ ያፈራች። ከተሰበረው ቦታ ነው የበቀለችው።»

«ማን ሰበረው?»

«ነፋስ ነዋ። አምና ክረምቱ ሲወጣ የወይራው ቅርንጫፍ ወድቆበት ነው።»

«ነፋሱንስ ማን ላከው?» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ለምሳ ስንጠራቸውም አልመጡም፤ ወይራው ሥር ተቀምጠው ያችን ደረቅ ነገር በጣታቸው ሲያገላብጡ ዋሉ። አያ ጥሩነህ መጥተው አይተዋት «የደረቀ ክር ነው» ብለው ሄዱ።

ወደ ማታ ቄሱ ጠሩኝ። «ባለቤቱ ሰብሮ አሳይቶኛል፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት» አሉ። «ይቆረጥ። ግን በእኔ እጅ ይሁን። ኃጢአት ከሆነም የእኔ ይሁን እንጂ የእንግዳ አይሁን።»

ሐሙስ

ጸሎት ደርሶ ሥራ ጀመርን። የሚያስቸግረውን ከላይ ዲያቆናቱ አወረዱ፤ ከታች ያለውን ቄስ ልየው ቆረጡ። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ጣታቸውን በቅርንጫፉ ላይ እየመራሁ «አንድ እምቡጥ፣ ሁለት እምቡጥ፣ ከዚህ በላይ ይቁረጡ» እላለሁ። ሌላው ዓይነት ወይን ቢሆን ረጅም ቅርንጫፍ መተው ያስፈልግ ነበር፤ ግሬናሽ ግን ከሥሩ ባሉት ሁለት እምቡጦች ያፈራል። መጀመሪያ ላይ በእያንዳንዱ ቆረጣ «ይቅር በለኝ» ይሉ ነበር፤ ለእግዚአብሔር ይሁን ለወይኑ አልጠየቅኋቸውም። ከቀትር በኋላ መቀሱን ለምደው፣ እኔ ሳልነግራቸው እምቡጥ መቁጠር ጀመሩ። እኛ እርሻ ላይ አንድ ሰው ይህን ለመልመድ አንድ ወር ይፈጅበታል።

አያ ጥሩነህ እጃቸውን አጣምረው ከአጥሩ ውጪ ቆመው ዋሉ። የተቆረጠው እንዳይረገጥ ቄሱ አዘው ነበርና ዲያቆናቱ ሰብስበው ለኅብስት መጋገሪያ ማገዶ እንዲሆን ወደ ቤተ ልሔም ወሰዱት። ስንጨርስ ከዚያ ሁሉ ዱር የቀረው ግንዱና ጥቂት አጫጭር ክንዶች ብቻ ናቸው። ለእኔ በጣም ያምር ነበር። ለሌላው ሰው ምን እንደሚመስል አላሰብኩም፤ ስህተቴም ይኼ ነው።

ዓርብ

ሳይረፍድ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። «የሚካኤል ወይን አለቀሰ!» ይላሉ።

ወይን ከተገረዘ በኋላ ያለቅሳል። ሥሩ የሳበው ውኃ መሄጃ ሲያጣ በቁስሉ ይንጠባጠባል። እኛ ዘንድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ መንገር ረስቼዋለሁ። ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ከየጉቶው ጥርት ያለ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ግማሹ ሕዝብ ቁጣ መጣብን ብሎ ደረቱን ይደቃል፤ ግማሹ ጠርሙስ ይዞ ጠብታውን እንደ ጸበል ይቀበላል። እማማ ይርገዱ ጣታቸውን በጠብታው እየነከሩ የቄስ ልየውን ዓይን ይቀቡ ነበር። ያን ጊዜ ውኃ ብቻ ነው ብዬ መናገር አልቻልኩም።

አያ ጥሩነህ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። ተቆጥተዋል።

«ሰባት ዓመት ባያፈራም ጥላ ነበር» አሉኝ። «አሁን ጥላውንም አጠፋሽው። እስከ ኅዳር መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ነገ ይነቀላል።»

«አልሞተም! በሁለት ሳምንት ውስጥ ያቆጠቁጣል።»

«አንቺ በሁለት ሳምንት የት ትገኛለሽ?»

ቄስ ልየው በትራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸውን ደፍሬ ማየት አልቻልኩም። ያን ጊዜ እርሻችን ላይ ባለሙያው የሚያደርገው ትዝ አለኝ። የሚመጣው ዓመት ዘለላ ከወዲሁ እምቡጡ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ እምቡጡን ለሁለት ሰንጥቆ በትልቅ ማጉያ ያየዋል። ምላጭ ለመንኩ። ማጉያ አለ ወይ ብል እማማ ይርገዱ ሮጠው የቄሱን የማንበቢያ መስተዋት አመጡ፤ ከባሕር ዳር የተገዛላቸው፣ አሁን ለእሳቸው የማይረዳቸው ነው።

ለማገዶ ከተሰበሰበው ቅርንጫፍ አንድ እምቡጥ ሰንጥቄ መስተዋቱን አስጠጋሁ። ያየሁት ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገርና አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ነው። መስተዋቱ ደካማ ነው፤ ዘለላ ይኑር አይኑር በዚያ መለየት አይቻልም። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«አለ» አልኩ።

ቄስ ልየው «ጥሩነህ፣ አንተ እይልኝ» አሉ።

አያ ጥሩነህ ጎንበስ አሉ። መስተዋቱን አቀረቡ፣ አራቁ፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፣ እንደገና አቀረቡ። ጠርሙስ ውስጥ የሚወድቀው ጠብታ ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብለው የቄሱን ፊት አዩ።

«አየህ?» አሉ ቄሱ።

«አየሁ አባቴ። ዘለላ ነው። ጥቃቅን ፍሬ አለው።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

ቄስ ልየው በረጅሙ ተነፈሱ። «እናንተ ካያችሁት ይበቃኛል» አሉ። አያ ጥሩነህ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ አዳራሹ በሌላኛው በኩል ቢሠራ ምን ይመስላችኋል አሉ። ማንም አልተቃወመም።

ቅዳሜ

እማማ ይርገዱ ለመንገድ ዳቦ ጋገሩልኝ። ቄስ ልየው መስቀል አሳልመውኝ እጄን ይዘው ቆዩ፤ እኔም በጭቃው አሳብቤ ቶሎ ወጣሁ። አያ ጥሩነህ ሻንጣዬን በበቅሏቸው ጭነው እስከ ቡሬ ሸኙኝ። አንድ ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ዙሪያቸውን አይተው ቆሙ።

«እቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ትናንት ምንም አላየሁም። ጉም ነው ያየሁት።»

«እኔም» አልኳቸው።

«ምን?»

«እኔም ምንም አላየሁም።»

በቅሎዋን ለቀው ሁለቱን እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። «ወይ ጉዴ! በሚካኤል ቅጽር ቆመን ቄሱን ዋሸናቸው?»

«ንስሐ ይግቡ። የነፍስ አባትዎ ማን ናቸው?»

«እሳቸው ናቸዋ!»

መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሳቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቆይተው ግን ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር። ቡሬ ገብተን ሽሮ በላን። አንድ ሱቅ ውስጥ ከዕጣንና ከጧፍ ጋር የሚሸጠውን ዘቢብ ገዝቼ ቀመስኩ፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ አሸዋ አለበት። አያ ጥሩነህም ቀምሰው ተፉት። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ ሥር ቆመው «አደራ፣ ያፍራ» አሉኝ፣ ሥልጣኑ በእኔ እጅ ያለ ይመስል።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ግን ያ መሬት ውኃ የጠገበ ነው፣ ሰባት ዓመት የባለገ ወይን በአንድ ግረዛ ላይመለስ ይችላል። እርሻችን ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ ሳልፍ የማስበው የእነሱን ጉቶ ነው። ካላፈራ የሚጎዱት ቄሱ ብቻ አይደሉም፤ ስለ እሳቸው ብለው በሕይወታቸው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሹት ሰውም ናቸው።

ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። አያ ጥሩነህ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ነው የደወሉት፤ ነፋሱ ይሰማል። ጎጃሜ ሰላምታ ሳያስቀድም ሲናገር የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«አየሁት» አሉኝ። «አሁን አየሁት እቴ። በዓይኔ። ዘለላ ነው፤ ጥቃቅን ፍሬ አለው።»

«ቄሱስ? ምን አሉ?» አልኩ።

«እየሮጥኩ ሄጄ፣ እጃቸውን ይዤ አስነካኋቸው። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ግን ምንም አልደነቃቸውም። ‹ምን ያስለቅስሃል ጥሩነህ? ያን ዕለት አይተኸው የለም እንዴ?› አሉኝ።»